የእህቴን ገንዘብ ከሰል ልግዛበት?

ይህ አምድ የፍቅርና የትዳር ጣጣ ብቻ የሚፈታበት የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። ሰሞኑን የደረሰን ደብዳቤ ግን ስለ ቲማቲም ነው። «ቲማቲም ደግሞ ምን ምክር ያሻዋል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! ውስጡ የእህት ላብ አለ፣ የወንድም ሀፍረት አለ፣ የአርባ ምንጭ ጫካም አለ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል። የጸሐፊውን ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥተናል።

«ውድ አዘጋጅ፣ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ባጣ ሦስት ዓመት የሰው ባጃጅ ነዳሁ። ታላቅ እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ‹የሰው ባጃጅ ይብቃህ፣ የራስህን ሥራ ጀምር› ብላ ያጠራቀመችውን ላከችልኝ። እኔም ከከተማው ወጣ ብሎ በጫሞ በኩል አንድ ጥማድ መሬት ተኮናትሬ ቲማቲም ተከልኩ። ውሃ ከጎረቤቶቼ ጋር ከአንድ ቦይ እንካፈላለን። ችግኙ ሲያምር ፎቶ እያነሳሁ እልክላት ነበር።

አበባ ሲይዝ ግን ጉድ ፈላ። ጠዋት ደህና የነበረው ተክል ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ በማግስቱ ይብስበታል። ቅጠሉ ቢጫ እንኳ ሳይሆን እንደ አረንጓዴነቱ ቆሞ ሞተ። የመድኃኒት ሻጩ የሰጠኝን ሁሉ ረጨሁ፣ ምንም የለም። ከግማሽ በላይ አለቀ።

እህቴ እስካሁን አላወቀችም። ‹ምርቱስ?› ስትለኝ ‹ደህና ነው፣ ገበያው ነው የወደቀው› እላታለሁ። አሁን በእጄ 70,000 ብር ቀርቶኛል። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ከሰል አፈር ውስጥ ከተቀበረ በሽታ አይገባም የሚል ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ። የከሰል ነጋዴም አግኝቼ ከጫካ 60 ማዳበሪያ ሊያመጣልኝ ተስማምተናል። ካለኝ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ልግዛ? ወይስ ሁሉን ትቼ ወደ ባጃጄ ልመለስ? ለእህቴስ ምን ልበላት? እባክህ ቶሎ መልስልኝ።»

ጨንቆት የጻፈ፣ ከአርባ ምንጭ

ወንድሜ «ጨንቆት የጻፈ»፣ ቶሎ መልስልኝ ስላልክ አጭሩን ላስቀድም። 60ውን ማዳበሪያ ከሰል አትግዛ! ረጅሙን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ምክንያቱም ጓደኛህ ያሳየህ ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን እንደ ቪዲዮው ቀላል አይደለም።

የከሰሉ ነገር እውነት አለው?

አለው። ነገርየው ባዮቻር ይባላል። የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጥጥ እንጨት ወይም ሌላ የእርሻ ተረፈ ምርት አየር አጥሮት ሲቃጠል የሚቀረው ጥቁር ከሰል ነው። ከአመድ ጋር አታምታታው። አመድ ሁሉም ነገር ነድዶ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ነው። ከሰሉ ግን የእንጨቱን አጥንት ይዞ ይቀራል፣ ውስጡም በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ይቀመጣል፣ የማዳበሪያው ጉልበት ይያዛል፣ ለተክል የሚበጁ ረቂቅ ሕይወቶችም ይሰፍሩበታል።

ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ጉድ እንዳይመስልህ። ከአርባ ምንጭ ቀና ስትል የጋሞ ተራሮች አሉልህ። ቸንቻና ዶርዜ ወጥተህ ከሆነ ከጎጆው አጠገብ ያለውን የእንሰት ጓሮ አስታውስ። እናቶቻችን የከብቱን እበት፣ የቤቱን ጥራጊ፣ የምድጃውን አመድና የፍም ቁራጭ እያወጡ እዚያው ይደፋሉ። የጓሮው አፈር ከራቀው እርሻ ይልቅ የጠቆረና የለማ የሚሆነው በዚህ ነው። በደቡብ አሜሪካም በአማዞን ጫካ ውስጥ የጥንት ሰዎች ከሰል፣ አጥንትና የቤት ጥራጊ ያከማቹበት ጥቁር አፈር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም ለም ነው።

በአገራችንም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከአጥንትና ከቡና ገለፈት የሚሠራ ከሰልን አጥንቷል። የዚያ ሥራ ዋና ጉዳይ ግን የአፈር ለምነት ነው። አንተ የጠየቅኸው ስለ በሽታ ስለሆነ ወደዚያው ልውሰድህ።

በ2010 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ተመራማሪዎች ቲማቲምና ቃሪያ የተተከለበት አፈር ውስጥ ከክብደቱ ከ1 እስከ 5 ከመቶ የሚሆን ከሰል ቀላቀሉ። ከዚያ ቅጠሉ ላይ የሻጋታና የአመዳይ በሽታዎችን ለቀቁበት። ከሰል ባለበት አፈር የበቀሉት ተክሎች በበሽታው የተጎዱት ባነሰ መጠን ነው። ልብ በል! ከሰሉ ያለው ከሥር ነው፣ በሽታው ያረፈው ከላይ ቅጠሉ ላይ ነው፣ ሁለቱ አልተገናኙም። ስለዚህ ከሰሉ በሽታውን በቀጥታ ገደለው ማለት አይቻልም። ተክሉ ራሱ ነቅቶ እንዲጠብቅ ነው ያደረገው። የክትባት ዓይነት ሥራ በለው። በቻይና በተደረጉ ሙከራዎችም ከኦቾሎኒ ልጣጭና ከስንዴ ጭድ የተሠራ ከሰል በአፈር ወለዱ የቲማቲም አጠውልግ በሽታ የሚጎዱትን ተክሎች ቁጥር ቀንሷል።

እሰይ ብለህ ወደ ነጋዴው ከመሮጥህ በፊት ግን ሦስት ነገር ስማኝ።

አንደኛ፣ ክትባት ለታመመ አይሰጥም። ከሰል የሚሠራው ከመትከል በፊት ነው። የጠወለገ ቲማቲም ሥር ላይ ከሰል መበተን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲበዛ ይከፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የዱባ ዘመድ በሆነው በኪያር ችግኝ ላይ የተደረገ ጥናት ትንሽ ከሰል፣ ማለትም ከአፈሩ 1 ከመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን በሽታውን እንደቀነሰ አሳይቷል። ወደ 3 ከመቶ ከፍ ሲል ግን ጥቅሙ ጠፋ፣ እንዲያውም በሽታው የባሰበት ጊዜ ነበር። ከሰሉ እንደ ጨው ነው። ትንሹ ያጣፍጣል፣ ብዙው ወጡን ያበላሻል። ደግሞም አብዛኞቹ ሙከራዎች የተደረጉት በዕቃና በመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ ሲወርድ ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ሦስተኛ፣ አፈርህ የት ነው? ከሰል የአፈርን አሲድነት ያበርዳል፣ በዚህ በኩል የኖራ ዘመድ ነው። እንደ ቸንቻ ላለው አሲዳማ የደጋ አፈር ይህ ትልቅ ፀጋ ነው። በጫሞ ዳር ያለው ቆላ ግን ወንዞች ያመጡት ደለል ነው፣ እንደ ደጋው የአሲድ ችግር የለበትም። እዚያ ላይ አመድና ከሰል መከመር ያልታመመን ሰው መርፌ መውጋት ይሆናል። ስለዚህ ለደጋ ሰው የሠራው መጠን ላንተ አይሠራም።

በሽታውን ሳታውቅ መድኃኒቱን?

የእኔን ትዝብት ልንገርህ? በደብዳቤህ ውስጥ ያስደነገጠኝ ከከሰሉ ይልቅ «የሰጠኝን ሁሉ ረጨሁ» ያልከው ነው። ሐኪም ሳያይህ የፋርማሲውን መደርደሪያ ሁሉ ትውጣለህ እንዴ?

ይኸውልህ፣ በነጻ የሚሠራ ምርመራ አለ። ከጠወለገ ተክል ግንድ፣ ከአፈሩ ከፍ ብሎ አንድ ጣት ያህል ቁረጥ። ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠውን ጫፍ አስነክተህ ሳትነቀንቅ ያዘው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከግንዱ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ፣ በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ ነው። ክር ካልወጣ፣ ግን ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ከወጣና ግንዱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ከሆነ፣ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ላይ እባጭ እባጭ ካየህ ደግሞ ኔማቶድ የተባለ በዓይን የማይታይ ትል ነው። አንተ እንዳልከው እንደ አረንጓዴነቱ ቆሞ የሞተ ከሆነ የመጀመሪያውን እጠረጥራለሁ። እኔ ግን የጋዜጣ አምደኛ ነኝ። ብርጭቆውን ካየህ በኋላ የታመመ ተክል ከነሥሩና ከነአፈሩ በፌስታል ይዘህ ወደ ወረዳህ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ አርባ ምንጭ ግብርና ምርምር ማዕከል ሂድ። ዩኒቨርሲቲውም ደጃፍህ ነው። ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም።

የባክቴሪያው አጠውልግ ከሆነ በመርጨት የሚድን አይደለም። ሻጩ ስንት ቢደረድርልህ ያው ነው። ይህ በሽታ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በወላይታ፣ በከምባታና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ዝንጅብሉን ያጠፋው በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። ስንቱን ገበሬ ከዝንጅብል ያፋታ መቅሠፍት እንደነበር ታላላቆችህን ጠይቅ። ድንችን፣ ቃሪያንና ደበርጃንንም ይይዛል። የሚጓዘውም በታመመ ችግኝ፣ በጫማና በመቆፈሪያ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውሃ ነው። አሁን ገባህ? ከጎረቤቶችህ ጋር ቦይ ትካፈላለህ። ከላይ ያለው ማሳ ታሞ ከሆነ ውሃው አልፎ ወደ አንተ ሲመጣ በሽታውን ይዞ ነው። 60 ማዳበሪያ ከሰል ብትቀብር ቦዩ በየሳምንቱ አዲስ ይጨምርልሃል።

ለዚህም ምሳሌ ከእንሰት ጓሮ አናጣም። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁ። ያ በሽታ ስንት ዘመን አመድና ፍም ሲደፋበት የኖረውን ጓሮ ትቶ አላለፈም። ገበሬውን የጠቀመው የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋን በእሳት እየለበለቡ ማጽዳት ነው። እንግዲህ ከሰል አፈርን ያበረታል፣ የቆሸሸ ቢላዋን ግን አያነጻም።

ለሁለት ክረምት ያህል በታመመው መሬት ላይ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አትትከል። በቆሎ ዝራ ወይም ጎመን ትከል። ችግኝ ስትገዛ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። የታመመውን ነቅለህ አቃጥል እንጂ ቦይ ዳር አትጣል። የጎረቤትህን ማሳ ረግጠህ ስትመጣ ጫማህን እጠብ። እነዚህ ሁሉ በጣም ተራ ነገሮች ናቸው፣ ቪዲዮ የሚሠራላቸውም የለም። ገንዘብ የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው።

መሞከርህ ካልቀረ

ከሰሉን ጭራሽ አትንካ አላልኩህም። ትንሽ አድርገህ ሞክረው። አካሄዱም እንዲህ ነው።

1. ከሰሉን ከጫካ ሳይሆን ከእርሻህ ተረፈ ምርት ሥራው። የደረቀ ቆረቆንዳ፣ የጥጥ እንጨት፣ የተቆራረጠ ቅርንጫፍ ይሆናል። አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ የሆነ፣ የተገለበጠ የጎጆ ክዳን የመሰለ ጉድጓድ ቆፍር፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ይበቃል። ከታች እሳት አንድድ። የላይኛው ፍም ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምር በላዩ ሌላ ንብርብር ጨምር። ጉድጓዱ ሲሞላ ውሃ አፍስስበትና አጥፋው። እርጥብ ነገር አትክተት፣ ጭሱ ይገድልሃል። ሥራው ሁልጊዜ ሜዳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይደለም።

2. ይህ ከከበደህ የከሰል መሸጫ ቦታ ሂድና ማዳበሪያው ሥር የሚቀረውን ድቃቂ ለምን። ብዙ ጊዜ የሚጣል ነው።

3. ከሽምብራ ፍሬ እስኪያንስ ውቀጠው። ስትወቅጥ ውሃ አርከፍክፍበት፣ አፍንጫህንም ሸፍን።

4. ደረቁን ከሰል እንዲሁ አትቅበር። ገና አዲስ ሲሆን ራሱ ይራባል፣ የተክሉን ምግብ ስቦ ይይዝበታል። በደንብ ከበሰበሰ እበት ወይም ኮምፖስት ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለህ፣ እርጥበቱን ጠብቀህ ጥላ ሥር 3 ወይም 4 ሳምንት አቆየው። ሲጠግብ ያበላል።

5. ችግኝ ከመትከልህ አንድ ሳምንት ቀድመህ በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ ድብልቅ ጨምረህ ከአፈሩ ጋር አዋሕደው። ከዚያ ውስጥ ከሰሉ 50 ግራም ገደማ ይሆናል።

ቲማቲም ሁለት ክረምት ይረፍ ብዬህ ነበር፤ ለሙከራው ያህል ግን ከማሳው ጥግ፣ ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ 400 ችግኝ ብቻ ትከል፣ ያኔ የሚታመመው የሌላውን ውሃ አይበክልም። አንዱን መስመር በከሰል፣ ቀጥሎ ያለውን ያለ ከሰል እያፈራረቅህ 200 ለ200 አድርገው። አበባና ፍሬ ሲይዙ የሞቱትን ቁጠርና በደብተር ጻፍ። በዚህ መንገድ ሰው ያወራውን ትተህ የራስህ አፈር የነገረህን ትሰማለህ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። 200 ችግኝ በ50 ግራም ማለት 10 ኪሎ ከሰል ነው። በቃ! ጥማዱን በሙሉ በዚህ መጠን ብትሸፍን እንኳ፣ በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብንል፣ ወደ 8,300 ችግኝ ይሆናል፣ ከሰሉም 4 ኩንታል ገደማ ነው። ነጋዴህ ያዘጋጀልህ 60 ማዳበሪያ ግን አንዱ 30 ኪሎ ቢመዝን 18 ኩንታል ነው። ከሚያስፈልግህ ከአራት እጥፍ በላይ! ከሰል በማዳበሪያ ስለተሸጠ ማዳበሪያ ነው ማለት አይደለም፣ ወንድሜ።

ስለ ጫካው አንድ ቃል

«ከጫካ ያመጣልኛል» ያልከውን ዝም ብዬ አላልፍም። በተለመደው የከሰል አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነዳል። ያንተ 18 ኩንታል ከ90 እስከ 180 ኩንታል እንጨት ይፈልጋል ማለት ነው። ከየት ነው የሚመጣው? አርባዎቹ ምንጮች ከሚፈልቁበት ጫካ? ወይስ በ1974 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው የነጭ ሳር ፓርክ? ዛፉ ሲቆረጥ አፈሩ ይታጠባል፣ የታጠበው አፈር ሐይቅ ይገባል። የአባያን ቡናማ ውሃ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። የቲማቲምህን አፈር ለማከም የጫሞን ዳገት ማራቆት ዓይን አውጥቶ መነጽር እንደ መግዛት ነው። ተረፈ ምርት ሞልቶ ሳለ ዛፍ ማክሰል ነውር ነው። በሕግም ያስጠይቃል።

ለእህትህ ምን ትበላት?

እውነቱን። ሌላ ምንም ጌጥ አያስፈልገውም።

«ገበያው ወደቀ» የምትላት እስከ መቼ ነው? የሚከፋው ደግሞ እሷ ውሸቱን አምና «ገበያው ይነሳል» በማለት ሌላ ገንዘብ ልትልክልህ መቻሏ ነው። ያኔ የታመመ መሬት ላይ ጤናማ ላብ ታፈሳለህ። እሷ እኮ ብር የምታድል ዘመድ አይደለችም። ሰው ቤት ጎንበስ ቀና ብላ ያገኘችውን ያስገባች ባለ አክሲዮን ናት። ባለ አክሲዮን ደግሞ ሒሳብ ይነገረዋል።

የዕረፍት ቀኗን ጠብቀህ ደውልላት። በሥራ መሐል አትንገራት፣ የሰው ቤት ውስጥ ቆማ እንዳታለቅስ። ሦስት ነገር ብቻ በላት። የገባው ይህን ያህል ነው፣ የጠፋው ይህን ያህል ነው፣ የቀረው 70,000 ብር ነው። ከዚያ የብርጭቆውን ፎቶ ላክላትና የበሽታውን ስም ንገራት። ከነገ በኋላ የምታደርገውንም አስረዳት፤ ምርመራው፣ በቆሎው ወይም ጎመኑ፣ የ400 ችግኙ ሙከራ። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ! በእውነት የተቆጣ ሰው በውሸት ከሚስቅልህ ይሻላል። ከቀረው ብር ግማሹን ሳትነካ አስቀምጠው፣ እሱን ከእሷ ጋር ሳትመካከር አትንካው። ሙከራው እስኪታወቅ በትርፍ ሰዓትህ ባጃጅ ብትነዳም ሽንፈት አይደለም። ማሳህን የምታጠጣበትን ነዳጅ ይሸፍንልሃል።

በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በባልዲ ቃሪያና ቲማቲም ለምትተክሉ የከተማ ልጆችም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከቡናው ምድጃ ማዳበሪያ ሥር የሚቀረውን የከሰል ድቃቂ አትጣሉት። ከኮምፖስት ጋር አቆይታችሁ ለዘጠኝ እጅ አፈር አንድ እጅ ድብልቁን ጨምሩበት። ላምባ የነካውን ግን ተዉት። በሽታ ከመጣ በኋላ ከመሯሯጥ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። በሳምንቱ «እጮኛዬ የቤቱን ኪራይ እኩል እንክፈል አለኝ» ያለችንን ልጅ ደብዳቤ እናያለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑልን!